ያልተነሳው ቀኝ እጅ

መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ብረት በብረት ሲመታ፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ዘግየት ብሎ።

ጉሙ ከመካነ ሰላም በላይ ያለውን የግንባታ ሜዳ ውጦታል። ክሬኑ የለም፣ አጥሩ የለም፣ የገዛ ጫማው እንኳ በግድ ነው የሚታየው። ሱፍያን ፒንሳውን ኪሱ ከተተና ድምፁ ወደመጣበት ተራመደ። የጥሪ ምልክታቸው ነው። 



ከቱቦው ክምር ጀርባ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ቆሟል። አስናቀው ነው። ለሌላው ሠራተኛ የግንባታው ፎርማን ነው፤ ለሱፍያን ግን «ጉልላት»፣ የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በዚህ ተራራ ላይ የሰጠው ብቸኛ ወገኑ።

«ዋንዛ» አለው በምስጢር ስሙ፣ በሹክሹክታ።

«ነኝ።»

«ዕቃው ገብቷል።»

«በማን በኩል?»

አስናቀው ጉሙን ግራና ቀኝ አየ።

«በበያጇ። በኡምኩልሱም።»

ሱፍያን ቀረብ አለ። «እርግጠኛ ነህ?»

«የዕቃ ሳጥኗን ፈትሽ። ከብየዳ ዘንጎቹ፣ ከኤሌክትሮዱ ሥር ነው። ዛሬ ዱዓው እንዳለቀ የገመዱ ጉድጓድ ላይ ኮንክሪቱ ይፈሳል፤ ከዚያ በፊት ልትቀብረው ነው። ዱዓው ሲያልቅ ጥበቃዎቹን ጠርተህ አስይዛት። እኔ የለሁበትም።»

«አጎቴ ያውቃል?»

«አጎቴ» ደሴ ያለው አለቃቸው ነው።

«ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ የለም። አጎቴን ከየት አምጥቼ ልጠይቅልህ?»

ይህን ብሎ ወደ ጉሙ ገባ።

ዕቃው የሳሙና ቁራጭ የሚያክል ጥቁር ሳጥን ነው። ዋናው የመረጃ ገመድ ላይ ከታሰረ በገመዱ የሚያልፈውን ሁሉ ይሰርቃል፤ የሕመምተኛውን ምርመራ፣ የባንኩን ሒሳብ፣ የሰዉን መታወቂያ። ኮንክሪት ከፈሰሰበት ደግሞ ማንም አያገኘውም። እዚህ የሚሠራው የዳታ ማዕከል ቆሞ እስካለ ድረስ እንደሰረቀ ይኖራል። ሱፍያን የተላከው ይህን ለማስቆም ነው።

እንዴት ገባ? ሱፍያን እንደገባው ነዋ። ማዕከሉ ሊሠራ ነው ከተባለ ጀምሮ አገሩ ባለሙያ ተራበ። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ብረት የሚበይድ፣ ቱቦ የሚገጥም ጠፋ። ከአጅባርም ከማሻም ሰው ተጠራ። ዓረብ አገር ሆኖ አንድ ቀን ሽቦ የነካ ሁሉ ባለሙያ ተባለ። ማስረጃ አምጣ የሚል ቀረ። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ዋስ። የአገሩ ሰው «እኔ አውቀዋለሁ» ካለልህ ገባህ። ካጠፋህ ወይም ከጠፋህ ደግሞ ዋስህም ካንተ ጋር ከሥራ ይወጣል።

የሱፍያን ዋስ ኡምኩልሱም ናት። ከሳውዲዋ ደማም የተመለስኩ ኤሌክትሪሺያን ነኝ ሲላት አመነችው። ስሙም ደማሙም ውሸት ነበር። እውነቱ ሙያው ብቻ ነው።

ጉሙ ሳሳ ሲል ሠራተኛው ወርቄ ሻይ ቤት ተሰበሰበ። ሻይ ቤት ይባል እንጂ አራት እንጨትና አንድ ላስቲክ ነው።

«ሱፍያኔ፣ ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?» አለችው ኡምኩልሱም። የብየዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ዳቦ ትገምጣለች።

«ብርዱ ነው።»

«ደማም ነው ያበላሸህ። እኔም ከጅዳ ስመለስ እሳት ዳር ተቀምጬ እንኳ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር።»

«እሱን የቸገረው እሳት አይደለም፣ ሚስት ነው» አለች ወርቄ ሻይ እየቀዳች። «ሴቱ ሁሉ እሱን ያያል፣ እሱ ሽቦ ያያል።»

ሠራተኛው ሳቀ። ሱፍያንም ሳቀ። ሳቁ ለራሱ ጆሮ የሌላ ሰው መሰለው።

«ተይው ባክሽ። ወላሂ ጥሩ ሰው ነው፤ ዋሱ እኔ አይደለሁ?» አለች ኡምኩልሱም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችለት። «ታናሽ እህቴ ዙሀራ ትናንት ሻንጣዋን ፈታችልኝ። ደላላ ይዛ በጅቡቲ በኩል ልትሄድ ነበር እኮ። ‹እኔ ሥራ ይዤ አንቺ ባሕር አትገቢም› አልኳት። አልሀምዱሊላህ፣ እሺ አለች።»

«እሰይ» አለ። 

ሳጥኗ ከአግዳሚው ሥር ነው።

«ከሳጥንሽ መፍቻ ልውሰድ?»

«መቼ ቆልፌ አውቃለሁ? ውሰድ።»

እጁን ከኤሌክትሮዱ ሥር ሰደደ።

አገኘው።

በመዳፉ ሸፍኖ ኪሱ ከተተው። ሄዶ ከጄኔሬተሩ ጀርባ አወጣው። እጅግ ቀላል ነው። በጥፍሩ ክዳኑን ፈልቀቅ አድርጎ አየ። ውስጡ ምንም የለም።

ባዶ ሳጥን ማንም አይደብቅም። እንዲገኝ ነው የሚቀመጥ።

ስለዚህ እውነተኛው ሌላ ቦታ አለ። ጥበቃው ኡምኩልሱምን ሲያዋክብ ሌላ ሰው እውነተኛውን ይቀብራል። ማን? መልሱን ልቡ አውቆታል፤ አፉ ግን ሊለው ፈራ። ሳጥኗን ፈትሽ ያለው ሰው ራሱ ከሆነ ሱፍያን በዚህ ተራራ ላይ ወገን የለውም።

የዚያ አገር ሰው መሬት ያለ ዱዓ አይደፈንም ብሎ ነበር። ኩባንያውም እሺ ብሏል። ሸህ ረመዳን ከገመዱ ጉድጓድ አፋፍ ቆሙ። መምሬ ኃይለኢየሱስ መስቀላቸውን ይዘው ከጎናቸው ቆሙ። ሞተር ሁሉ ጠፋ። መዶሻውም ፒንሳውም መሬት ተቀመጠ፤ ለዱዓ እጅ ባዶ ነው የሚሆነው። እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«ያ ረቢ፣ እዚህ የገባ በሰላም ይውጣ» አሉ ሸሁ።

«አሚን።»

«የሚሠራው እጅ አይዛል።»

«አሚን።»

ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ሱፍያን ብቻ ቀና አለ። የተዘረጉትን እጆች አንድ በአንድ አየ። ጥንድ ጥንድ። ጓንት ያላቸው፣ የሌላቸው፣ ሲሚንቶ የነከሳቸው።

አስናቀው ጋ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ።

ግራ እጁ ተዘርግቷል። ቀኙ አልተነሳም። ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ ይዞታል፤ ከጃኬቱ ሥር፣ ቶሎ ለማውጣት ብብቱ ውስጥ የያዘው ነገር እንዳይወድቅ። በዱዓ መሀል ማን ያየኛል ብሎ ነው።

በዱዓው መጨረሻ ሁሉም መዳፉን ፊቱ ላይ አሳረፈ። አስናቀው ቀድሞ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። «አንዴ ልያት» አለ። ሲወጣ ቀኝ ክንዱ እንደልቡ ይወዛወዛል።

«የኔ ፍተሻ ይቀራል» አለ ሱፍያን።

ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ፍጠን» አለ አስናቀው።

ጉድጓዱ ጨለማ ነው፣ እርጥበት ይሸታል። ሳጥኑ ከዋናው ገመድ ታችኛው ጎን፣ በጥቁር ፕላስተር ታስሯል። ነካው። ከባድ ነው። ሱፍያን ጀርባውን ወደ ላይ ሰጠና ፕላስተሩን ላጠ።  ከባዱን ኪሱ ከተተ። ባዶውን በቦታው አድርጎ መልሶ አሰረ። ከላይ ላየው ሰው ያው ነው።

ያኔ ከላይ የሲሚንቶ መኪናው ሆድ መዞር ጀመረ።

«ሰው አለ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁን ሞተሩ ዋጠው።

ኮንክሪቱ መጣ።

ቁርጭምጭሚቱን ያዘው። ጉልበቱ ሥር ደረሰ። ከአፋፉ የወጣውን ብረት ለመያዝ ዘለለ፤ እጁ አዳለጠው። ልጩህ ቢል አየር አጣ። በዚህ መሀል የብየዳ ጓንት ያጠለቀ እጅ ከላይ መጥቶ አንጓውን ጨመደደው።

«ያዘኝ! አትልቀቀኝ፣ ያዘኝ!»

ኡምኩልሱም ነበረች። በደረቷ ተኝታ ጎተተችው። ወጣ። ግራ ጫማው ቀረ።

አስናቀው እየሮጠ መጣ፤ ሰው እንዲያይለት የደነገጠ ፊት ይዞ። ሱፍያንን ወደ ቱቦው ክምር ገለል አደረገውና ፊቱ ተቀየረ።

«የወጣህ መስሎኝ ነበር።»

«ወጥቻለሁ።»

«ምን አየህ እዚያ?»

«ሽቦ። ሌላ ምን አለ?» ሱፍያን ከኪሱ ሳጥኑን አወጣ፤ እውነተኛውን። «ዕቃውን አግኝቼዋለሁ። ያልከው ቦታ ነበር።»

አስናቀው እጁን ዘረጋ። «አምጣ፣ ልየው።»

ከነካው አለቀ። በክብደቱ ያውቃል።

«አሻራዋ አለበት። ከኔ በቀር ማንም እንዳይነካው ነው ትእዛዙ።»

እጁ ተዘርግቶ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ፊቱ ፈታ አለ፤ ባዶ ሳጥን ወደ ደሴ የሚሸኝ ሰው ፊት።

«ልጅቷስ? ላስይዛት?» አለ አስናቀው።

የሱፍያን ላብ ወደ ዓይኑ ገባ። አልጠረገውም።

«ከታሰረች ወሬ ይሆናል። ምን ቀብራ ይሆን ብለው ኮንክሪቱን ሊያስፈነቅሉት ይችላሉ። ያንን ትፈልጋለህ?»

አስናቀው አልፈለገም።

«እኔ ዛሬ እጠፋለሁ» አለ ሱፍያን። «ዋሴ ናት። በደንቡ ትውጣ፣ በቃ።»

«ነፍስህን ያተረፈች ልጅ?» አስናቀው ፈገግ አለ። «አንተስ ጨካኝ ነህ።»

ሱፍያን ከእስር አድኗታል። ከዚያ በላይ ምንም አላዳናትም።

ኡምኩልሱም ወርቄ ጋ ቆማ ጠበቀችው። እግሩን አይታ ሳቅም ለቅሶም መጣባት።

«በአንድ ጫማ እንዴት ልትሆን ነው? ቆይ፣ የወንድሜ የአዩብ ጫማ ቤት አለ፤ ልክህ ይሆናል። እዚህ ተቀመጥና ጠብቀኝ። የትም እንዳትሄድ።»

«እሺ» አላት።

ቁልቁለቱን ስትሮጥ አያት፤ ነጠላዋ ከኋላዋ ይውለበለባል። ወርቄ የቀዳችለትን ሻይ አልጨረሰም። ወርቄ ፊቷን ወደ ምድጃው ስታዞር ተነሳ።

የደሴው አውቶቡስ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ኔትወርኩ ተመለሰ። ጻፈ፤ «ዕቃው እጄ ላይ ነው። ባዶው ተቀብሯል። ጉልላት የሌቦቹ ሰው ነው፤ እንደነቃሁበት አያውቅም። የዋሴን ሥራ አደራ።»

መልሱ ቶሎ መጣ። «ጉልላት እንዲያምን ዋስህ ከሥራ መውጣት አለባት። ሲሙን ጣል። ከአሁን በኋላ ሱፍያን የሚባል ሰው የለም።»

ሲሙን አውጥቶ በመስኮት ጣለው።

አውቶቡሱ በግንባታው አጥር በኩል ሲያልፍ ጉሙ ተገልጦ ነበር። ኡምኩልሱም ወርቄ ሻይ ቤት ደጃፍ ቆማለች። ክራቸው የተቋጠረ ጥንድ ጫማ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች። ወርቄ ባዶውን መቀመጫ አሳየቻት። ኡምኩልሱም ወደ ጄኔሬተሩ አየች፣ ወደ ጉድጓዱ አየች፣ ወደ መንገዱም አየች።

ራሱን ከመስኮቱ አሸሸ። በካልሲ የቀረውን ግራ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሳበ።

አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት እግሩን አዩትና «የት ጣልከው ልጄ?» አሉት።

 አውቶቡሱ ወደ አቀስታ ታጠፈ።