የኢናስ ዳቦ

«የእንጀራ እናት ተብላ እንጀራ ነፈገቻት! በረሃብ ገደለቻት!» አለች ከቢቸና ለለቅሶ የመጣችው የሟቿ አክስት ሳቢራ።

«ከፊቷ ሳህን ጠፍቶ አያውቅም፤ አልበላም ያለችው ራሷ ናት» አለች የእንጀራ እናቷ ዘይዳ።

ኢንስፔክተር ምሥራቅ ሁለቱንም ሰማች። የሞጣው ሐኪም በስምንት ዓመቷ ኢናስ ገላ ላይ መርዝም ድብደባም አላገኘም፤ ልጅቱ ቆዳና አጥንት ብቻ ቀርታ ነበር። ሰፈሩ ግን ፈርዶ ጨርሷል፤ ዘይዳን የሚወስዷት ፖሊሶች በር ላይ ቆመዋል። አባትየው አብዱልዋሂድ አንገቱን ደፍቶ የሱቁን ቁልፎች ያቅጨለጭላል።

ምሥራቅ ወደ ማድ ቤት ገባች። ወጡ፣ ሽሮው፣ በርበሬው ሁሉ በየቦታው አለ። የተቆለፈው የዳቦው ቁም ሣጥን ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ መዝጊያውን አየችው። ከታች በኩል ቀለሙ በትንንሽ ጥፍሮች ተፍቋል።

ተመልሳ ሳቢራ አጠገብ ተቀመጠች።

«ለዒድ ቢቸና ስትመጣ ትበላ ነበር?»

«እንዴታ! እኔ ቤት ምን ሆና አትበላ!»

«ምን በላች?»

«ዳቦ... ቅርፊቱን።»

«ሥጋስ?»

«ሥጋማ ገና ሲሸታት ታለቅሳለች። አንዴ በግድ ባጎርሳት ትን ብሏት ልትሞትብኝ! ሞልቃቃ ብዬ ተውኳት።»

«በረመዳንስ?»

አብዱልዋሂድ ቀና አለ። «ከትልልቆቹ እኩል ጾመች። ሰፈሩ ሁሉ ማሻ አላህ አላት።»

«ስታፈጥር ምን ትቀምስ ነበር?»

«ያንኑ ዳቦ» አለች ዘይዳ። «ቴምር እንኳ አትነካም።»

«ስትከሳስ?»

«ከጾሙ ነው አልን» አለ አብዱልዋሂድ። «ኮራንባት።»

ምሥራቅ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ሳቢራ እውነት ብላለች፤ ኢናስ በረሃብ ሞታለች። ዘይዳም እውነት ብላለች፤ ሳህኑ ቀርቧል። ልጅቱ መክሳት አልፈለገችም፤ እልኸኛም አልነበረችም። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ሕመም አለ። ሕፃኑ የምግቡ ሽታና ልስላሴ ያስጠላዋል፣ ያንቀኛል ብሎ ይፈራል፤ ከጥቂት ነገር በቀር አይወርድለትም። እናንተ ሕመሙን በረመዳን ጾም አላችሁት፤ ረመዳን ሲያልፍ ጥጋብ አላችሁት። ለኢናስ የሚወርድላት ዳቦ ብቻ ነበር። በጥፍሯ ቁም ሣጥኑን እስክትፍቅ ድረስ ፈልጋዋለች። ታዲያ ማን ቆለፈባት?»

«ሲርባት የቀረበላትን ትበላለች ተብሎ ነው» አለች ዘይዳ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

«ማን አለ?»

ምሥራቅ ወደ አብዱልዋሂድ ዞረች።

«የቆለፈ ሰው ቁልፉን ይይዛል። ማድ ቤቱን ፈትሻለሁ፤ ዘይዳም ቁልፍ አልያዘችም። ከነዚያ የሱቅ በር ቁልፎች መካከል ግን አንዲት ትንሽ አለች፤ የብረት በር አትከፍትም።»

የቁልፎቹ ቅጭልታ ቆመ። ሳቢራ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

አብዱልዋሂድ ትንሿን ቁልፍ ከቀለበቱ ለማውጣት ብዙ ታገለ። አውጥቶም ዘይዳ ጭን ላይ አኖራት።

«እሷን ይተዉአት፣ ኢንስፔክተር» አለ። «ዳቦውን የከለከልኩት እኔ ነኝ። ሚስቴ ስትከሰስም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ጣቢያ ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ።»