የስምረት ጾም

ወይዘሮ ውድነሽ በፍልሰታ እንደ ልማዳቸው ቅዳሴ ቆይተው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። የሚያማቸውን ጉልበት እያሹ ሽሮ ይጥዳሉ፤ ከዚያ የልጃቸውን በር ያንኳኳሉ።

«ስምረት፣ ሰዓት ደረሰ እኮ።»

«እስከ ማታ ልቆይ እማዬ።»

ደስ ይላቸው ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ በዚህ ዘመን፣ እንዲህ ስትጾም! ለማኅበር ሴቶችም አወሩ። ሐምሌ ላይ፣ ዳግም የሚባለው ወንድሟ ስልኳ ላይ የለጠፈችውን ፎቶ አይቶ «ውይ ስሜ፣ ስክሪኑ ቻለሽ እንዴ?» ብሎ እናቱን ሲያስቃቸው፣ እሷም አብራ ስቃለች። ዳግም ስልኩ ላይ ቢሰድቡትም ስቆ ይረሳል። እሷ ግን አንድ ቃል ወር ሙሉ ታብላላለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ፎቶ እየለጠፈች፣ የማታውቃቸው ሰዎች «ትንሽ ቀንሺ» ሲሏት ታነባለች። ይህን ወንድሟ ለወይዘሮ ውድነሽ የነገራቸው ዘግይቶ ነው።

በጾሙ አሥረኛ ቀን፣ በዝናብ የራሰ ነጠላቸውን ስትቀበላቸው ክንዷን ያዙት፤ እንጨት ሆኗል።

«በቃሽ ልጄ። እግዜር አይቆጣም፣ ብዪ።»

«ገና ነኝ» አለችና በሯን ዘጋች።

በማግስቱ መብራት ጠፋ። ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያረፈደው ዝናብ ድንገት ሲያባራ፣ የእርጥብ ግድግዳ ሽታ በሞላው ጨለማ ኮሪደር ቆመው፣ ከበሩ ወዲያ የማኘክ ድምፅ ሰሙ፤ ቀስ ያለ፣ እርጥብ፣ የማይቸኩል። ገና ጠዋት አራት ሰዓት ነው፤ ጾም መፍረሱ ነው። ግን አማተቡ።

«አምላኬ፣ ኃጢአቱ በኔ ይሁን፤ ብቻ ትብላ።»

እንዳታፍር ብለው ኮቴያቸውን አጥፍተው ተመለሱ። ማታ ግን አላስቻላቸውም።

«በላሽ ልጄ?» አሉ በበሩ።

«እየበላሁ ነው እማዬ» አለ ድምፅዋ፣ አፏን ሞልታ።

ሁለት ቀን እንዲሁ ሆነ። ደክሟቸው ስለነበር፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በሦስተኛው ቀን ግን የሻገተ ነገር ሸተታቸውና በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ቀደም ብለው ያስገቡላት ዳቦ ሳይቆረስ አረንጓዴ ሆኗል። ስምረት ዓይኗን ከድና ተኝታለች፤ ብርድ ልብሱ ከስሩ ሰው ያለበት አይመስልም፣ ከንፈሯም ደርቆ ተጣብቋል። መብራት ከጠፋ ሦስት ቀን ቢሆነውም፣ ደረቷ ላይ ያለው ስልክ ቦግ ብሎ በርቷል። እዚያ ውስጥ ጉንጯ የሞላ፣ ፊቷ የወዛ ስምረት ታኝካለች። ስትውጥ፣ አልጋው ላይ ያለችው ስምረት ትንፋሽዋ እጥር አለ።

የስልኳ ስምረት ማኘኳን አቆመችና ቀና ብላ አየቻቸው፤ «እማዬ፣ ጨርሻት ልምጣ፤ በሩን ዝጊልኝ» አለች።