የመስመር መዝጊያ

ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ገነነ ግንባሩን ታይፑ ላይ እንደ ደፋ ሞቶ ተገኘ። በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ወንዝ እንኳ እሱን ማመልከቻ ሳያስጽፍ አይፈስም ይባል ነበር፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ወንዙም የሚጽፍለት አጣ። የፈሰሰ ሻዩን የላሰ ውሻ ደጃፉን ሳይሻገር ተዘረረ። ታይፑ ላይ ለፖሊስ የተጻፈ ስድስት መስመር ተሰክቷል፦ ሻይ ሻጯ ሸሪፋ ልትመርዘኝ ዝታለችና ድረሱልኝ የሚል።

ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? ሸሪፋ ታሰረች። ጎረቤቱ ማመልከቻ ጸሐፊ እምሩ ቃሏን በታይፕ አዘጋጀ፤ ጣቢያው ጸሐፊ ስለሌለው ዐሥር ዓመት ሙሉ የሚጽፍለት እሱ ነው። ሃምሳ አለቃ አባይነህ ፈረመበትና ወረቀቱ ፍርድ ቤት ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት ትቀርባለች።

አባይነህ የእሪ በከንቱ ሰፈር ሌባ ሲያስነጥስ በድምፁ ብቻ የሚለይ ሰው ነው። አንድ ነገር ከነከነውና ወደ ሟች ሱቅ ተመለሰ። የሟች ተማሪ ጽጌ ዐይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«እስቲ ልጄ፣ ጋሽ ገነነ ከዚህ በፊት የጻፉትን አሳዪኝ።»

ሰጠችው። የወረቀቱን ቀኝ ዳር በጣቱ ይዞ ቁልቁል ወረደ።

«ይቺ ዳር ዳር ላይ ያለችው ምንድን ናት?»

«ሁለት ሰያፍ ጭረት ናት። መስመሩ ሳይሞላ ሲቀር፣ ሌላ ሰው ባዶው ላይ ቃል እንዳይጨምር ይዘጋል። ጋሽ ገነነ በዚህ ነበር የሚዘጉት።»

«አንቺስ?»

«እኔ እየረሳሁ ክፍት እተወዋለሁ። በዚህ ስንቴ ተቆጡኝ!»

ከዚያ ጣቢያ ሄዶ ሸሪፋን ጠየቃት። «ሻዩን በእጅሽ ነው የሰጠሽው?»

«ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ስኳር ላመጣ ዞርኩ። ያቀበሏቸው ጋሽ እምሩ ናቸው።»

«ይህን ጠዋት ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናግሬያለሁ እኮ! እሳቸውም ሲጽፉ አይቻለሁ!»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሸሪፋን ከነጠባቂዋ፣ ጽጌንና እምሩን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበ።

«ሟች መስመሩን በሁለት ሰያፍ ይዘጋል» አለ። «ጽጌ ክፍት ትተዋለች። ታይፑ ላይ የተገኘው ግን ስድስቱም መስመር በረጅም ሰረዝ ተዘግቷል።» ከኮቱ ውስጥ የጣቢያውን አሮጌ ሪፖርቶችና የዛሬውን ግልባጭ አውጥቶ ዘረጋ። «እነዚህም በሰረዝ። ጽጌ ሳትመጣ እዚህ ቁጭ ብለህ የጓደኛህን አነጋገር ሰረቅህ፣ እምሩ። መስመር ባለቀ ቁጥር ግን እጅህ የለመደውን ሠራ።»

«ጋሽ ገነነ ያልተባለ ቃል እየጻፈ ሰው ያሳስራል ብለው ሊከሱት ነበር!» አለች ጽጌ።

እምሩ ካቴና ሲገባለት ሳቀ። «ጌታው፣ እኔ ሐሰተኛ ከሆንኩ ዐሥር ዓመት ሙሉ የፈረመው ማን ነው? የዛሬውንስ አንብበውታል?»

 ጽጌ ከሪፖርቶቹ መካከል የዛሬውን የካርቦን ግልባጭ አንሥታ አነበበች፦ «መርዙን ሻዩ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ሸሪፋ ነኝ።»

«ወላሂ አላልኩም! ሃምሳ አለቃ፣ አንብበው አይደል እንዴ የፈረሙት?»

ያኔ ሁሉም ገባቸው። አባይነህ ስሙን ከመጻፍ በቀር ፊደል አያውቅም። ዳር ዳሩን ያየው መሐሉ ስለማይነበብለት ነው።

«ጻፊ ልጄ» አለ። «እኔ ሃምሳ አለቃ አባይነህ ማንበብ አልችልም። የፈረምኩት የማላውቀውን ነው።»

ታይፑ ተንጫጫ። ጠባቂው ሰዓቱን አየ። «ጌታዬ፣ ዳኛው የሚያውቁት የገባላቸውን ወረቀት ነው። ልውሰዳት?»

እምቢ የሚልበት ሥልጣን አልነበረውም። «ውሰዳት። ከኋላ እደርሳለሁ።»

ሸሪፋ ከበሩ ዞረች። «ይቺን ወረቀት ዳኛው ይቀበሉልኛል?»

«እንጃ፣ እህቴ።»

አባይነህ ወረቀቱን ከጽጌ ተቀበለ። ምን እንደሚል በምን ያውቃል? ጣቱን በቀኙ ዳር አወረደና ከታች አንድ ባዶ ቦታ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ክፍት ነው። ዝጊው።»

ጽጌ ወረቀቱን መልሳ ሰክታ ሁለት ሰያፍ መታች። ፈረመና ከሸሪፋ ኋላ ሮጠ።