የባዶው ፍሬም ቀንዲል

ይህን የፈጠርኩት አይደለም። ብፈጥረው ኖሮ መጨረሻውን አሳምረው ነበር።

የሆነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በነሐሴ፣ ፀሐይ የድንጋዩን አጥር እጅ እስከማያስነካ ድረስ በምታግልበት ጊዜ።

ሌሊት አይደለም። በእኛ ደሴት ሌሊት የሚያስፈራ ነገር የለም። ሌሊቱ መብራት ነው፣ ጭፈራ ነው፣ ከየአገሩ የመጣ ወጣት ጫማውን በእጁ ይዞ የሚስቅበት ነው።

የሚያስፈራው ቀኑ ነው...

ሲጨፍር ያደረው ሁሉ የሚተኛበት፣ ሱቁ የሚዘጋበት፣ መንገዱ ላይ ድመት እንኳ የማትታይበት ሰዓት።

የዚህ ቻናል አንባቢዎች ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። «ወደ ደሴታችሁ ልንመጣ ነው፤ ምን እንወቅ? ምን እንጠንቀቅ?» ብላችሁ። በግሪክ ባሕር ላይ የትኛዋ ደሴት እንደሆነች የምታውቁ ታውቃላችሁ። የማታውቁ ይቅርባችሁ። የምንበላው ከእንግዳ ነውና ስሟን አልጽፍም።

ምክሩን ግን እነግራችኋለሁ።

የሰሜኑ ንፋስ ሲነሳ ወደ ደቡቡ ባሕር ዳርቻ ሂዱ፤ እዚያ ውሃው ይተኛል። የቧንቧ ውሃ አትጠጡ፣ ጨው ጨው ይላል። ጠጥታችሁ ባሕር አትግቡ። ንፋስ ሲበረታ መርከብ ይቀራልና የመርከብና የአውሮፕላን ትኬታችሁን ለተመሳሳይ ቀን አትቁረጡ። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲተኛ ሙዚቃ አትክፈቱ።

ሞተር ሳይክል አትከራዩ።

ይህችን የመጨረሻዋን የምለው መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ብቻ አይደለም...

ወደብ ላይ ሞተር የሚያከራየው ታናሽ ወንድሜ ፓንደሊስ ነበር።

እኔ አርጊሮ እባላለሁ። ዝናብ በማያባራበት በአንድ የሩቅ ሰሜን ከተማ ለዓመታት ተምሬ ነው የተመለስኩት። እዚያ ሳለሁ ቤቴ እዚህ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ስመጣ ደግሞ ሻንጣዬን ሳልፈታ ሰነበትኩ። ለአንድ የእንግዳ ወቅት ብቻ ነበር ሐሳቤ፤ ያሳደገችን አክስታችን ሞስካ የምታከራያቸውን ክፍሎች ላግዛት። እዚያም እዚህም በምንም የማላምን ሰው ሆኜ ነበር።

አሁን ስለ ቀንዲሎቹ ልንገራችሁ።

በደሴታችን መንገድ ዳር፣ በብረት እግር ላይ የቆሙ የትንሽ ቤት ቅርጽ ያላቸው ሳጥኖች ታያላችሁ። የመስታወት በር አላቸው። ውስጣቸው የማርያም ሥዕል፣ የዘይት ቀንዲልና በፍሬም የተደረገ ፎቶ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ነው የሚያቆማቸው።

ቀንዲሉ ጠፍቶ ካገኘነው፣ የማንም ይሁን፣ እንለኩሰዋለን። አስበን አይደለም፤ እጃችን ያውቀዋል።

እንግዶች ጌጥ ይመስላቸዋል። አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ።

አክስቴ ሞስካ ግን ልጆች ሳለን ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጨምር ነበር። «መጀመሪያ ፎቶውን እዩ። ስሙን ጥሩ። ከዚያ ለኩሱ።»

ረስቼው ነበር።

የዚያን ዕለት ከሩቁ ባሕር ዳርቻ እየተመለስን ነበር። እንግዶች አበላሽተው ጥለውት የመጡትን ሞተር ፓንደሊስ አስተካክሎ እሱ ይነዳል፤ እኔ በሌላው ከኋላው እከተላለሁ። ገደሉ አፋፍ ያለው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሲጋራ አምሮት ነው።

እዚያ አንድ ሳጥን ነበር።

«ይሄ ድሮም ነበር እንዴ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ! ትናንት ያየሁት አይመስለኝም... ግን ትናንት ቸኩዬ ነበር።»

ነጭ ቀለሙ ገና አዲስ ነው። የቀንዲሉ ዘይት እስከ አፉ ሞልቷል። ክሩ ነጭ ነው፤ እሳት ነክቶት አያውቅም።

እጄን ዘረጋሁ። «ላይተርህን አምጣው።»

ፓንደሊስ ሳቀ። «ፕሮፌሰሯ! ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ መጥተሽ አሁንም ቀንዲል?»

«እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። አምጣ ዝም ብለህ።»

ለኮስኩት።

ፍሬሙን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባዶ ነበር። ነጭ ወረቀት ብቻ።

ሌላም ነገር ነበር። የመስታወቱ በር ክፍት ነው፤ ንፋሱ ፀጉሬን ፊቴ ላይ እየመታው ነው።

ነበልባሉ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል... ቅንጣት አይወዛወዝም።

ራት ላይ ለአክስቴ እንደ ቀልድ ነገርኳት። ዓሣውን ከአጥንቱ እየለየች ነበር። እጇ ቆመ።

«የማን ነው?»

«ፎቶ የለውም።»

«ወድቆ ይሆናል።»

«አልወደቀም። ፍሬሙ አለ፣ ባዶ ነው።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ክሩስ? በርቶ ያውቃል?»

«አዲስ ነው የሚመስለው።»

አማተበች። ፓንደሊስ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፣ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«እናቴ አንድ ጊዜ ይህን ነገር ልታወራን ጀምራ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ሰው የሌለበትን ቀንዲል የለኮሰ... ስትል አባቴ ገባ። አልጨረሰችውም።»

«እሺ፣ ሄጄ ላጥፋው።»

«እንዳታጠፊው!»

«ለምን?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ?»

«ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ስለማላውቅ ነዋ፣ የኔ ልጅ! ዘይት አይጉደልበት። በቃ።»

በማግስቱ፣ እንግዳው ሁሉ ሲተኛ፣ የአክስቴን አሮጌ መኪና ይዤ ዘይት ልጨምር ሄድኩ። እሷ እንድትረጋጋ ብዬ እንጂ አምኜ አይደለም።

ፍሬሙ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር።

ደብዛዛ ነው። የድንጋይ አጥር። በንፋስ ወደ አንድ ጎን የጎበጠ የበለስ ዛፍ። ዞር ብዬ አየሁ፤ አጥሩም ዛፉም ከኋላዬ አሉ። መታጠፊያው ራሱ ነው።

የተማረ ሰው መልስ አያጣም። «የድሮ ፎቶ ነው፣ ፀሐይ ሲነካው እየወጣ ነው» አልኩ ለራሴ።

በቀጣዩ ቀን ፎቶው ላይ ብርቱካናማ ቲሸርት ተጨምሮ ነበር።

ሰው የለበሰው አይደለም... አንገት የለም፣ እጅ የለም፣ ፊት የለም። ግን እንደ ተሰቀለ ልብስ አልተንጠለጠለም። ደረቱ ሞልቷል። ውስጡ የሚተነፍስ ያለ ይመስላል።

መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ሲለኝ እፎይ አልኩ። ወንድሜ ብርቱካናማ ቲሸርት የለውም።

ማታ በረንዳው ላይ ቲማቲም እየቆረጥኩ ነበር። ፓንደሊስ ከኋላዬ መጥቶ ዓይኔን በእጁ ሸፈነ።

«ዙሪና እይኝ። ብርቱካን አልመሰልኩም?»

ዞርኩ።

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ።

«ማሪት ናት የሰጠችኝ፣ የታችኛው ክፍል እንግዳ። ሞተሯ መንገድ ላይ ሲቆም ስላመጣሁላት... ምነው? ምን ሆንሽ?»

«አውልቀው።»

«ኧረ አያስጠላም! አክስቴ፣ ያስጠላል?»

«አውልቀው አልኩህ!»

ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

«ፊቱስ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ፎቶው ላይ ያለው... ፊቱ የማን ነው?»

«ፊት የለውም... ገና።»

ቲሸርቱን በመቀስ ቆራረጥኩት። አክስቴ ምድጃ ውስጥ ጨምራ አቃጠለችው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ወንድሜን ከዚያ መታጠፊያ ማራቅ። በመጀመሪያው መርከብ አቴና ሊሄድ ተስማማ። ልብሱን እኔ ራሴ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ።

ጠዋት ስንነሳ የሰሜኑ ንፋስ ቤቱን እያንቀጠቀጠ ነበር። ወደቡ ተዘግቷል። የሚወጣም የሚገባም መርከብ የለም።

እንግዶቹ ተነጫነጩ። ማሪት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ «መቼ ይከፈታል?» ትለኛለች። ለሁሉም እንደምለው፣ ንፋሱ ሲፈቅድ ነው አልኳት። በልቤ ግን ከእሷ የባስኩት እኔ ነበርኩ።

ፓንደሊስ ሱቁን ዘጋ። ከቤት ላይወጣ ማለልኝ። ካርታ ሲጫወት ይውላል፣ በአክስቴ ይቀልዳል። «ተይ እንጂ አክስቴ፣ አታጭበርብሪ! እኔ ሟች ነኝ ተብሎ እኮ ነው፣ ትንሽ እዘኚልኝ!»

«አፍህን ያዝ፣ አንተ ወሬኛ!» ብላ በፎጣ ትመታዋለች። እሱ ዞር ሲል ታለቅሳለች።

ዘይቱን የምወስደው እኔ ነኝ። ቲሸርቱ ፎቶው ላይ አለ፤ አልተቆረጠም፣ አልተቃጠለም። በየቀኑ ይጨመርበታል። አንድ ቀን አንገት። አንድ ቀን እጆች፤ በቀኝ እጁ አውራ ጣት ላይ የሞተር ሰንሰለት የቆረጠው ጠባሳ አለ።

ያን ቁስል ልጅ ሆኖ ያጠብኩለት እኔ ነኝ።

ሌሊት አልተኛም። በሩ ሲንቋቋ እነሳለሁ፤ ፓንደሊስ አልጋው ላይ መኖሩን አይቼ እመለሳለሁ። አንድ ሌሊት ጨለማ ውስጥ ነቅቶ አገኘሁት።

«አልቀሻል» አለኝ በሹክሹክታ። «ተኚ፣ እህትዬ። እኔ የትም አልሄድም።»

በቀጣዩ ቀን ከምሳ በኋላ ማእድ ቤት ያለው ሰማያዊ ወንበር ላይ አረፍ አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ለትንሽ ደቂቃ ብቻ ነበር...

ያነቃኝ ዝምታው ነው።

ንፋሱ ቆሟል።

መስኮቱ ላይ የማስቀምጠው የዘይት ጠርሙስ የለም።

«አክስቴ!»

ከክፍሏ ፀጉሯ ተበታትኖ ወጣች። «ምነው?»

«ፓንደሊስ የታለ?»

«‹አርጊሮ ትተኛ፣ ዘይቱን ዛሬ እኔ እወስድላታለሁ› ሲለኝ ሰምቻለሁ...»

«ለምን አላገድሽውም!»

«በሕልሜ መስሎኝ፣ ልጄ። በሕልሜ መስሎኝ።»

መኪናውን እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም።

መታጠፊያው ላይ ሞተሩ በመቆሚያው ቆሟል። አልወደቀም፣ አልተጫረም። ሄልሜቱ የሞተሩ መስታወት ላይ ተንጠልጥሏል። የዘይቱ ጠርሙስ አጥሩ ላይ ተቀምጧል፤ ክዳኑ አልተከፈተም።

ቀንዲሉ ጠፍቷል። ከክሩ ቀጭን ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል።

ፎቶው ተሟልቷል። ፊቱ የፓንደሊስ ነው።

ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሷል። አፉ ይስቃል። ዓይኖቹ ግን እኔን ያዩኛል... አይስቁም።

ተጣራሁ። ገደሉን ወርጄ ተጣራሁ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ተጣራሁ።

ፖሊስ ፈለገ። ጠላቂዎች ፈለጉ። ጎረቤት በየዋሻው በእጅ ባትሪ ዞረ። ምንም አልተገኘም፤ ጫማ እንኳ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ወደቡ ተከፈተ። የመርከቡን ጥሩንባ አክስቴና እኔ እኩል ሰማን። ቀና ብለን አልተያየንም።

አሁን መስከረም ነው። ቀንዲሉን በየጠዋቱ እለኩሳለሁ። ፎቶውን አያለሁ፣ ስሙን እጠራለሁ፣ ከዚያ እለኩሳለሁ። አሁን አልረሳም።

ባለፈው ሳምንት ከፖላንድ የመጡ ባልና ሚስት ተቀበልኩ። የሆነውን አያውቁም። እንዳይከራዩ ብመክራቸውም ከሌላ ቦታ ሞተር ተከራዩ። ከሰዓት በኋላ እየሳቁ ተመለሱ።

«ሰዎቻችሁ ደጎች ናቸው» አለችኝ ሴትዮዋ። «መታጠፊያው ላይ መንገድ ጠፍቶን አንድ ልጅ አሳየን።»

«ምን ዓይነት ልጅ?»

«ብርቱካናማ ቲሸርት የለበሰ። ብዙ አይናገርም። ላይተር ስጡኝ አለን።»

እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። «ለምን?»

«ሳጥኑ ውስጥ ያለውን መብራት ሊለኩስ።»

«እሱማ በርቷል። ጠዋት እኔ ነኝ የለኮስኩት።»

ባልየው ራሱን ነቀነቀ። «ያንን አይደለም። አጠገቡ ያለውን፣ አዲሱን። ፎቶ የሌለውን።»

በማግስቱ ሄድኩ። ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። የሁለተኛው ነጭ ቀለም ገና አልደረቀም፤ ጣት ላይ ይቀራል። ፍሬሙ ውስጥ ደብዛዛ ምስል መጥቷል።

መታጠፊያው አይደለም።

የእኛ ማእድ ቤት ነው። መስኮቱ አለ። ሰማያዊው ወንበር አለ። ወንበሩ ባዶ ነው።

ልሰብረው አሰብኩ። ግን ቲሸርቱንም ቆራርጬው፣ አክስቴም አቃጥላው ምንም አልፈየደም።

ከደሴቲቱ እንውጣ አልኳት። «ልጁ ሳይገኝ የት እሄዳለሁ?» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እኔ ከወንበሩ በተነሳሁ ቁጥር መጥታ ትቀመጥበታለች። እግሯን ያማታል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ቦታዋ እሱ ነው።

ስለዚህ ያ ሰዓት ሲደርስ፣ ፍሬሙ ውስጥ የምትገባው እሷ እንዳትሆን፣ አልነሳም።

ይህን የምጽፍላችሁ እዚያው ላይ ተቀምጬ ነው። አክስቴ ጓዳ ተኝታለች። እንግዶቹ ተኝተዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

እስካሁን ንፋሱ መዝጊያውን ሲደበድብ ነበር።

አሁን ቆመ...

ከመስኮቱ ውጭ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሰው እጅ ላይተር በሚይዝበት ከፍታ ላይ አንዲት ትንሽ ነበልባል አለች። ቀጥ ብላ ቆማለች።

አትወዛወዝም።