የተሰነጠቀው የብር መምቻ

የጸጥታ መሥሪያ ቤቱ መልእክተኛ እምሩ በግ ገዢ መስሎ ወደ ገሠሠ ተጠጋና አንዲት የብር ከረጢት ጋቢው ሥር ወሸቀለት። ቀኑ ቅዳሜ፣ ቦታው ዓለም ከተማ ገበያ ነበር።

«የሥራ ማስኬጃህ ነው። ሰውየው አንጥረኛው ዱባለ ነው። ከሰዓት ፖሊስ ይዘህ ቤቱ ግባ፤ የሐሰተኛ ብር መምቻውን ታገኘዋለህ።»

ገሠሠ የገበያ ስሙ ነው፤ አለቆቹ «ቆቅ» ይሉታል። መርሐቤቴ የገባው አሮጌ ጠገራ ብር ገዢ ሆኖ፣ ሐሰተኛ ብር የሚመታውን ሊይዝ ነበር። በሃምሳዎቹ መግቢያም የደጋው ሰው ጠገራውን አልተወም፤ በሐሰተኛው ደግሞ ጠመንጃ ይሸመት ነበር። አሁን ዱባለ አበልጁ ነው። የዱባለን ልጅ ገብረ አማኑኤልን ክርስትና ያነሳው ገሠሠ ነው።

ከአህዮቹ ኋላ ከረጢቷን ፈታ።

ባላገር ጠገራ ሲቀበል ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ንግሥት የትከሻ ፈርጥ ያያል፤ ከደበዘዘ አይነካውም። ሐሰተኛውን የሚመታው ሰው ይህን አውቆ ፈርጡን አሳምሮታል። አንገቷን ግን ማን ያያል? መምቻው ብረት እዚያ ላይ ተሰንጥቆ በየብሩ ቀጭን መስመር ይተዋል። ብረቱ በመታ ቁጥር ስንጥቁ ይረዝማል። ገበያ ያለው ብር ሁሉ መስመሩ አገጯን አልፏል።

እምሩ የሰጠው ብር ላይ መስመሩ ገና አንገቷን አልጨረሰም።

መጀመሪያ የተመታው ብር እምሩ እጅ ምን ይሠራል?

ገሠሠ መምቻውን ዱባለ ቤት ማን እንደሚያስቀምጥ ሊያይ ተነሳ። ዱባለና ሚስቱ ገበያ ነበሩና ቤታቸው ገብቶ ከጎተራው ጀርባ ተደበቀ።

በሩ ሲጢጥ አለ።

እምሩ ከጋቢው ብረት አውጥቶ ወናፉ ሥር ሊቀብር ጎንበስ አለ። የገሠሠ ሽጉጥ አፈሙዝ ማጅራቱን ነካው።

«ቆቅ፣ እኩል እንካፈል።»

«እጅህን አንሳ።»

ገሠሠ የጠራው ፖሊስ እምሩን ወሰደው። መምቻው የተገኘው ዱባለ ቤት ነውና እሱም ታስሮ አደረ። በማግስቱ የገሠሠ አለቃ፣ ሻለቃው፣ ከአዲስ አበባ ደረሱ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሐሰተኛ ብር መታ ተብሎ እንዲወራ አይፈልጉም፤ እምሩ በስውር ይዳኛል፤ ገበያው ግን ጥፋተኛ ማየት አለበት።

«ወይ ዱባለ፣ ወይ ገሠሠ» አሉት። «ምረጥ።»

ገሠሠ ሁለት እጁን ዘረጋ።

ካቴና ገብቶለት በሕዝቡ መሀል ሲያልፍ የተፈታው ዱባለ ፊቱን አዞረ። ሚስቱ ይዘንጋሽ ግን መንገዱን ዘጋችበት።

«አበልጄ፣ ልጄን በዚህ እጅዎ ነው ያቀፉት?»

እውነቱ አፉ ላይ መጣ። ዋጠው።

የጀማን ወንዝ ሲሻገሩ ሻለቃው ካቴናውን ፈቱለትና አዲስ ስም ሰጡት። አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ወርዶ ከመንገደኛው ተቀላቀለ። ገብረ አማኑኤል አድጎ የክርስትና አባቱን ሲጠይቅ፣ ሌባ ነበር ይሉታል።