ከመቀመጫው ሥር

«ውረጂ» አሉ መምህሩ። «ታግለሽ ሰበርሽው።»

ቃሪያ ከዕቃ ማንሻው ማሽን፣ ከፎርክሊፍቱ፣ ወረደች። ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ልጆች ናቸው፤ ቶሎ ቱግ ስለምትል። ዛሬ ግን ፊቷ እየነደደ ወደ ጎን ቆመች። ሞተሩ ተነስቶ ነበር። ማንሻውን ስትስብ ዕቃ የሚሸከሙት ሹካዎች ንቅንቅ አላሉም፤ ማርሽ ስታስገባም ጎማው አልዞረም። ያውም ክፍሉ በሙሉ እያየ።

ይባስ ብሎ ቀጮ፣ አብራት ያደገችው ጓደኛዋ፣ «ማንሻውን በኃይል ስትጎትተው አይቻለሁ» ብላ መሰከረችባት። የዕለቱ የመንዳት ፈተና ተላለፈ፤ ቃሪያ ግን ጭራሽ እንዳትፈተን ተባለች።

ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ ወርክሾፑ ውስጥ ቀረች። ቀላል ቀላሉን አስቀድማ አየች። የሃይድሮሊክ ዘይቱ ሙሉ ነው። የእጅ ፍሬኑ ተለቋል። ታዲያ ማንሳቱም መሄዱም በአንዴ እንዴት እምቢ ይላል? ሁለቱንም የሚያግድ አንድ ነገር መኖር አለበት ብላ መቀመጫውን ገለበጠችው። ሥሩ ሹፌር መቀመጡን ለማሽኑ የሚያሳውቅ ስዊች አለ፤ ሰው ካልተቀመጠ ማሽኑ አያነሳም፣ አይንቀሳቀስም። የስዊቹ ሽቦ ከሶኬቱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። አልተበጠሰም። ሰው ነው የነቀለው።

ጠዋት ፎርክሊፍቱን ስትወለውል የነበረችው ቀጮ ናት።

ቀና ስትል ቀጮ በሩ ላይ ቆማለች። አልካደችም። መንዳቱ ገና እንዳልገባት፣ ብትወድቅ አባቷ ትምህርቱን እንደሚያስቋርጧት፣ ፈተናው እንዲተላለፍ ብቻ ፈልጋ እንደነበር እየተንተባተበች ነገረቻት።

«እሺ፣ እኔን ምን አድርጌሽ ነው ያስገባሽኝ?»

«ደነገጥኩ። አፌ ላይ የመጣልኝን...»

«አፍሽ ላይ የመጣሁት እኔ ነኝ?»

ቀጮ አንገቷን ደፋች። «አሁን ስኪውና ተስተካከለ በያቸው። ማን ያውቃል? በናትሽ።»

ቃሪያ ሽቦውን ያዘች። ቀጭ ማድረግ ብቻ ነው የቀራት። ግን ማሽኑን ሰበረችው መባሏ እንዳለ ሊቀር ነው። ታማ በተኛች ጊዜ ከአጠገቧ ያልተለየችው ቀጮ መሆኗ ትዝ አላት፤ ይሄ ደግሞ ብሶቷን ጨመረው።

ሽቦውን ለቀቀችው።

«መምህሩ ጋ ልሄድ ነው» አለች። «የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ። ካልመጣሽ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ከዚያ በኋላስ... እኔና አንቺ?»

«እሱን አላውቅም። አሁን ተናድጃለሁ።»

ወጣች። የመምህራን ክፍል ግቢው ማዶ ነው። ከኋላዋ የሚመጣ ሰው ሊደርስባት በሚችልበት እርምጃ፣ ዞር ሳትል፣ መራመድ ጀመረች።