ሁለቱ ይርሳዎች

መሬት ስትንቀጠቀጥ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ገመዱ ወዲያና ወዲህ ሲል ነፋስ መስሎኝ መቆንጠጫ ጨመርሁበት። ወዲያው ከጓዳ የሳህን ድምፅ ሰማሁ፤ ዞር ስል የሳሎኑ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

ሺኩናችን፣ የምንኖርበት የመንግሥት ቤት፣ እስራኤል ውስጥ ኔታንያ ከተማ መሃል ያለ፣ ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ነው። ሰው ሁሉ ልጁን አንጠልጥሎ ደረጃውን በሩጫ ይወርዳል። እኔ በሬ ላይ ቆምሁ። ሻሼ መኝታ ቤት ቀርቷል።

«ውረጅ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ አንድ ከላይ የሚወርድ ሰው።

መንግስቴ ነው። አራተኛ ፎቅ ከገባ ዓመት አልሞላውም፤ ሻሎም ሲለኝ ሻሎም ከማለት በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ሚስቱ እንደሞተችበት ግን ሰምቻለሁ። እኔም ባሌን ከፈታሁ ቆይቻለሁ።

«ራሴን ገልጬ ሰው ፊት አልወርድም» አልሁት።

«ቤቱ እየወደቀ?»

«ይውደቅ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ አየኝ፣ የኳስ ቡድን ቆቡን አወለቀና አናቴ ላይ ደፋልኝ።

«በይ አሁን ቀደም በይ፣ እሜቴ።»

ቢጫ ቆብ ደፍቼ፣ በነጠላ ጫማ፣ ከኋላዬ እሱ እየተከተለኝ ወረድሁ።

ከኢሪያ፣ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ የተላከው መሐንዲስ ምሰሶዎቹን በመዶሻ እያንኳኳ ጆሮውን አስጠጋ። ፊቱን ሳየው ቤቱ እንደማያኖር ገባኝ። መግቢያው በቀይ ሪባን ታሰረ፣ አውቶቡስ መጣ፣ ባሕር ዳር ወዳለ ሆቴል ወሰዱን።

ሆቴሉ በር ላይ ሮቴም የምትባል ልጅ ስም እየጠራች ቁልፍ ታድላለች።

«ቤተሰብ ይርሳው። አንድ ክፍል፣ አንድ ትልቅ አልጋ።»

መንግስቴም እኔም እኩል እጃችንን ዘረጋን።

ከምድር ቤት የምትኖረው የሞሮኮዋ ጎረቤታችን ኤሊሼቫ ሳቋን ለቀቀችው። «ማዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዘነበወርቅ። ሰው ቤቱን ሲያጣ አንቺ ባል አገኘሽ።»

«ባሌ አይደለም» አልሁ።

«ሚስቴ አይደለችም» አለ መንግስቴም፣ ግን ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ወንድምና እህት ናችሁ?» አለች ሮቴም።

ያንንም አናውቅም። እዚህ አገር ስንገባ የቤተሰብ ስም አምጡ ሲሉን ያስመዘገብነው ያያታችንን ስም ነው። የእኔ አያት ይርሳው፣ የሱም አያት ይርሳው። እሱ በሱዳን በኩል በእግሩ ነው የወጣ፣ እኔ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፤ ወገኑን አላውቅም፣ ወገኔን አያውቅም። በኛ በቤተ እስራኤል ባህል ደግሞ እስከ ሰባት ትውልድ የተዛመደ አይጋባም።

ሮቴም ይቅርታ ብላ ሁለት ቁልፍ ሰጠችን።

ሆቴል ለሚዝናናበት ነው ጥሩ። ኤሊሼቫ ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። ልጆች አልጋ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ ጣሪያውን ያያሉ፣ ስንጥቅ ሲፈልጉ። እኔም ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ከሥራ ስመለስ መንግስቴ ባሕሩን ከላይ በሚያሳየው አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ የምናወራው ስለ ስንጥቁ ነበር። እያደር ተውነው።

«ቤትሽ ይናፍቅሻል?» አለኝ አንድ ቀን።

«አዎን። ጠዋት ፀሐይ ጓዳዬ ድረስ ትገባ ነበር። አንተስ?»

«እኔ ቤት የሚናገር ሰው አልነበረም» አለ። «እዚህ ይሻለኛል።»

 

በኋላ የእሳት አደጋ ሰዎች ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እያስገቡ አስፈላጊ ዕቃ ያስወጡ ጀመር። እኔ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርሁ። ስመለስ መንግስቴ ሆቴሉ በር ላይ ቆሟል፤ በረንዳዬ ላይ ጤና አዳም የተከልሁበትን ባልዲ ታቅፏል።

«በርሽ ተጣሞ ክፍቱን ነው» አለኝ። «ውሃ የሚያጠጣው የለም ብዬ።»

«የራስህን ምን አወጣህ?»

«ያለኝ ሁለት እጅ ነው።»

ባልዲውን ተቀበልሁት። እጁ እጄ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ አግዳሚው ወንበር መሄድ ተውሁ።

ቢቸግረው ቁርስ ላይ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ይርሳው ነህ።»

ሻዩን ብዙ አማሰለ። «እንግዲያ አንጠይቅ። ካልጠየቅን አናውቅም።»

«መሐንዲሱን አይተኸዋል? ምሰሶው ከውጭ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም ነበር። አንኳኩቶ ነው ውስጡን ያወቀው። እኔ ሳይንኳኳ የምገባበት ቤት አልፈልግም።»

«ዘመድ ሆነን ብንገኝስ?»

«አለቅሳለሁ። ከዚያ ወንድሜ እልሃለሁ።»

በዚያው ሳምንት ወሬው መጣ፤ ሺኩኑ ይፈርሳል፣ ሰው ሁሉ ዓርብ ሆቴሉን ይለቃል። ልጄ ሊራዝ እዚያው ኔታንያ፣ ራማት ፖሌግ ሰፈር፣ ቤቷ ልትወስደኝ ነው። እሱን ልጁ ኤያል ሩቅ ደቡብ፣ ቤርሸባ፣ ና ብሎታል።

«ቤርሸባ ከገባሁ አልመለስም» አለኝ። «ራሴን አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያ ተነስ» አልሁት።

ከማዕከላዊ ጣቢያ አውቶቡስ ይዘን ክፋር ዮና ወደምትባል ቅርብ ከተማ ሄድን። እዚያ አክስቴ የሺአረግ አለች። ዓይኗ ደክሟል እንጂ የሞተውንም ያለውንም ሰው ከነዘሩ ታውቀዋለች። መንግስቴ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው፣ ገና ሳይቀመጥ።

«የፈረደ ይርሳው ነኝ፣ እማማ። ከወገራ።»

«የትኛው ይርሳው? ሸማኔው ወይስ ቀጥቃጩ?»

«ቀጥቃጩ።»

ትንፋሼ ተመለሰ። የኔ አያት ሸማኔ ነበር። ልነሳ ስል አክስቴ ጉልበቴን በዱላዋ ያዝ አደረገችው።

«ቁጭ በይ። ሰው ባባቱ ብቻ ይወለዳል እንዴ? እናትህስ?»

የእናቱን ነገራት። ዓይኗን ጨፍና፣ አውራ ጣቷን በሌሎቹ ጣቶቿ አንጓ ላይ እያሳለፈች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥር ጀመር። አንድ ስም ላይ ቆመች።

«ይቺማ የኛ ናት» አለች።

መንግስቴ ወለሉን ያያል። እኔ የአክስቴን አውራ ጣት አያለሁ። በኔ በኩል ደግሞ ከላይ ጀምራ ወረደች፣ ሳተች፣ እንደገና ጀመረች። 

«ስምንት» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን ገልጣ። «በስምንተኛው ትገናኛላችሁ። አንድ ትውልድ ቀደም ብላችሁ ተወልዳችሁ ቢሆን በዚህ ዱላ ነበር የምለያያችሁ።»

መንግስቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

«የኔን ጉልበት ምን ያደርግልሃል? ለሷ ንገራት።»

ዞረ። «ዘነበወርቅ» አለኝ። እጁን ዘረጋልኝ።

«እሺ» አልሁት።

«ቄሱን እኔ አስጠራለሁ» አለች አክስቴ። «ሙሽራዪቱን የት ነው የምታስገባት? ቤትህ ወዴት ነው?»

«ኔታንያ፣ አራተኛ ፎቅ» አላት መንግስቴ። እኔን አየ፣ እኔም እሱን። ቤታችን፣ ቤታችን ስንል የከረምን ሰዎች፣ እዚያ ሳሎን ውስጥ ቤት እንደሌለን ጭራሽ ረስተነው ነበር። መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ እኔ፤ አክስቴ አበዱ ብላ ዱላዋን ወለሉ ላይ እስክትመታ ድረስ ሳቅን።